ለወይን አብቃይ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የቅምሻ የጥናት ጉዞ አዘገጃጀት
(ከቢሾፍቱ እስከ ዝዋይና መርቲ)

1. መግቢያ

የወይን ተክል እንደ ጤፍ ወይም እንደ ቲማቲም በየዓመቱ የሚለወጥ ሰብል አይደለም። አንድ ጊዜ የተተከለ የወይን ሐረግ ደህና እንክብካቤ ካገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የሚረባ ምርት ለማየት ግን ሁለትና ሦስት ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። በመሆኑም ዝርያ ሲመርጥ የተሳሳተ ማኅበር ስሕተቱን የሚያውቀው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እንጨት ተክሎ፣ ሽቦ ወጥሮና የመስኖ ቧንቧ ዘርግቶ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ለገበታ የሚሆን ወይን በማንኛውም ገበያ በኪሎ ሊሸጥ ይችላል። ለወይን ጠጅ የሚሆነው ግን ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ዘሩ ብዙ ስለሆነ የፍራፍሬ ነጋዴ አይፈልገውም። ገዢው ፋብሪካ ብቻ ነው። ፋብሪካው «ስኳሩ አልደረሰም» ወይም «ኮምጣጣነቱ ወድቋል» ብሎ ምርቱን ቢመልስ አባላቱ ነገሩ ካልገባቸው በደል የተፈጸመባቸው ይመስላቸዋል፤ ከገባቸው ግን በሚቀጥለው ወቅት የመልቀሚያውን ቀን ያስተካክላሉ።

የቅምሻ የጥናት ጉዞ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በብርጭቆ ውስጥ የሚገኘውን ጣዕም ከማሳው ሥራ ጋር አያይዞ ለማየት ያስችላል። ሆኖም ያለ ዕቅድ የተደረገ ጉዞ ከሽርሽር አያልፍም። ተጓዦቹ ብዙ ቀምሰው፣ ጥቂት አስታውሰው ይመለሳሉ፤ የማኅበሩ ገንዘብም በከንቱ ይወጣል። ይህ ጽሑፍ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የማኅበራት ሥራ አመራር ኮሚቴዎች እንዲህ ያለውን ጉዞ እንዴት ማዘጋጀት እንደሚገባቸው ያስረዳል።

2. በቅድሚያ ጥያቄውን መወሰን

ጉዞው ከመታቀዱ በፊት ማኅበሩ መልስ የሚፈልግለት አንድ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ መያዝ አለበት። ጥያቄው መልሱ ሲገኝ ውሳኔ የሚያስከትል መሆን ይኖርበታል። ለምሳሌ፦

ሀ/ በመስኖ ሊለማ በሚችለው መሬታችን ላይ የገበታ ወይን ወይስ የወይን ጠጅ ወይን እንትከል?
ለ/ ከቀይ ዝርያዎች የእኛን ያህል ሙቀት ባለው ቦታ ጣዕሙን የሚጠብቀው የትኛው ነው?
ሐ/ ፋብሪካው ዋጋ የሚቆርጠው በክብደት ብቻ ነው ወይስ በስኳር መጠንም ጭምር?

«ስለ ወይን ለማወቅ» የሚል ጥያቄ በቂ አይደለም። የሚጎበኘው ቦታ፣ የሚቀመሰው ጠርሙስና የሚላከው ሰው የሚመረጡት በጥያቄው መሠረት ነው። ለጥያቄው መልስ የማይሰጥ ቦታ የቱንም ያህል ቢያምር ከፕሮግራሙ ይውጣ።

3. የአካባቢው ሁኔታ

በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ አመቺ የሆነው መስመር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደው ነው። በመስመሩ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ማየት ይቻላል።

ቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት)፦ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወይን ተክል ጥናት ሲካሄድ ኖሯል። እዚህ የሚፈለገው ትምህርት ዝርያዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው።

ዝዋይ (ባቱ)፦ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ዓመታዊው ዝናብ ከ700 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ አብዛኛውም የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚህ ቦታ የካስቴል ኩባንያ ከፈረንሳይ ቦርዶ ባመጣቸው ችግኞች ሰፊ የወይን እርሻ አቋቁሞ፣ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉ የወይን ጠጆቹን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቀረበ። ከተተከሉት ዝርያዎች ውስጥ ሲራ፣ ሜርሎ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን እና ሻርዶኔ ይገኙበታል። አፈሩ ቀላልና አሸዋማ በመሆኑ ውኃ ቶሎ ያሳልፋል። ስለዚህ የመስኖው አሠራር በደንብ መታየት አለበት።

መርቲ፦ ከአዳማ በስተምሥራቅ በላይኛው አዋሽ ሸለቆ ይገኛል። ለአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ወይን ሲያቀርብ የኖረው የመርቲ ጀጁ እርሻ የሚገኘው በዚህ አካባቢ ነው። ቦታው ከዝዋይ ዝቅ ያለና የበለጠ የሚሞቅ ነው።

ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የ400 ሜትር ልዩነት ወደ 2.4 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ትንሽ ቢመስልም ለወይን ብዙ ነው። በሞቃት ቦታ የፍሬው ስኳር ቶሎ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ግን ቶሎ ይወርዳል። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ደግሞ ኮምጣጣነቱና መዓዛው በተሻለ ሁኔታ ይጠበቃሉ። ተጓዦቹ ሁለቱን ቦታዎች የሚያወዳድሩት ይህን ልዩነት በምላሳቸው ለመፈለግ ነው።

4. ወቅቱንና ፈቃዱን ማመቻቸት

በአውሮፓ የወይን ሐረግ በክረምት ቅዝቃዜ ቅጠሉን አርግፎ ይተኛል፤ የሚለቀመውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በእኛ አገር ሐረጉን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ የመልቀሚያውን ጊዜ የሚወስነው ገበሬው የሚገርዝበት ቀን ነው። እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከግርዛት እስከ ለቀማ ከ4 እስከ 5 ወር ይወስዳል። ለቀማው ዝናብ ላይ እንዳይወድቅና ፍሬው እንዳይበሰብስ የሚገረዝበት ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰናል።

ስለሆነም የጉዞው ቀን በግምት አይቆረጥም። ከሁለት ወር በፊት ለየድርጅቱ ደብዳቤ ተጽፎ የሚከተሉት ይጠየቁ፦

ሀ/ ለቀማው የሚጀመርበት ሳምንት፤
ለ/ እንግዳ የሚቀበሉበት ቀንና የሰው ብዛት፤
ሐ/ ወደ ማሳ ለመግባት የሚፈቀድ መሆኑ፤
መ/ የቅምሻው ክፍያ፤
ሠ/ ከአነስተኛ አብቃዮች ወይን የሚገዙ መሆናቸውና የሚጠይቁት የስኳር መጠን።

የጽሑፍ መልስ ያልተገኘበት ቦታ በፕሮግራሙ ውስጥ አይገባም። ለጉዞው የሚሻለው ጊዜ ለቀማ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። በለቀማው መካከል ቢደረስ የፋብሪካው ሠራተኞች ለማስረዳት ጊዜ አይኖራቸውም። መኪናው ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በስልክ ማረጋገጥም አስፈላጊ ነው።

የቅምሻው ቀን ከረቡዕና ከዓርብ እንዲሁም ከዐበይት አጽዋማት ውጪ ይሁን። በሃይማኖታቸው ወይም በጤናቸው ምክንያት አልኮል የማይቀምሱ አባላት ከጉዞው መቅረት የለባቸውም። የማሳው ምልከታ፣ የፍሬው ናሙናና የመዝገቡ ሥራ ቢሰጣቸው ጠቃሚ ድርሻ ይኖራቸዋል።

5. የተጓዦች ምርጫ

ቁጥሩ ከ12 ባይበልጥ ይመረጣል። አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለ12 ሰው 50፣ 50 ሚሊ ሊትር ሲቀዳለት 600 ይወጣል፤ ቀሪው 150 ሚሊ ሊትር ለተጠራጣሪ ድጋሚ ይሆናል። ቁጥሩ ከዚህ ብዙ ከበለጠ የጠርሙሱም የመኪናውም ወጪ ይጨምራል።

ከተጓዦቹ ውስጥ በማሳ ላይ የሚሠሩ አባላት፣ የሒሳብ ሹም፣ አንድ የኤክስቴንሽን ሠራተኛና ቢያንስ ሦስት ሴቶች ይኑሩበት። ጠላና ጠጅ ሲጠምቁ የኖሩ እናቶች የመጠጥን ጉድለት በሽታ ለይተው ያውቃሉ። ሆምጣጤ መሆን የጀመረን፣ ጋኑ በደንብ ያልታጠነን ወይም እርሾው ያልጠራን መጠጥ ገና ሳይቀምሱት ይናገራሉ። ይህ ዕውቀት ለወይን ጠጅም ይሠራል። የሊቀ መንበሩ ወዳጅ ስለሆነ ብቻ የሚሄድ ሰው መኖር የለበትም።

6. ከጉዞ በፊት የሚደረግ ልምምድ

ብዙ ሰው «ኮምጣጣ»፣ «መራራ» እና የሚያደርቅ ጣዕምን ያደባልቃል። በጉዞው ላይ ሁሉም በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገር ከመነሻው አንድ ሳምንት በፊት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የሚከተለው ልምምድ ይደረግ። አራት ንጹሕ ማሰሮዎች በየአንድ ሊትር ውኃ ይሞሉና፦

ሀ/ በመጀመሪያው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይሟሟል - ጣፋጭነት፤
ለ/ በሁለተኛው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመራል - ኮምጣጣነት፤ የአፍን ጎን ምራቅ ያስሞላል፤
ሐ/ በሦስተኛው ብዙ ሻይ ቅጠል ለ10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይቀዘቅዛል - ታኒን፤ ድድንና ምላስን ያደርቃል፤
መ/ አራተኛው ባዶ ውኃ ሆኖ ለማወዳደሪያ ይቀመጣል።

ማሰሮዎቹ በቁጥር ብቻ ምልክት ተደርጎባቸው አባላቱ ሳያውቁ ይቅመሱ። ከዚያ በኋላ ስኳሩና ሎሚው እኩል ተቀላቅለው ቢቀመሱ አንዱ ሌላውን እንደሚሸፍን ይረዳሉ። ጣፋጭ የወይን ጠጅ ኮምጣጣነቱ የማይታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

7. የጉዞው ፕሮግራም

ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ቡድን የሚከተለው ምሳሌ ሊያገለግል ይችላል። ከሌላ ቦታ የሚነሡ እንደ ርቀታቸው ያስተካክሉታል።

አንደኛ ቀን፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሣት። ከ2፡30 እስከ 5 ሰዓት በቢሾፍቱ የዝርያዎች ምልከታ። ምሳ በሞጆ። ከቀኑ 9 ሰዓት ዝዋይ መድረስ። ማታ የቀኑን ማስታወሻ ማስተካከል። በዚህ ቀን ቅምሻ የለም። እራት የሐይቁ ቆሮሶ ሊሆን ይችላል፤ ቢራው ግን ይቅር፤ ምላስ ለነገ ይጠበቃል።

ሁለተኛ ቀን፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3፡30 በማሳ ውስጥ። እስከ 4፡30 በፋብሪካው ውስጥ። ከ4፡30 እስከ 6 ሰዓት ቅምሻ። ከምሳና ከዕረፍት በኋላ በ9 ሰዓት ወደ አዳማ ጉዞ።

ሦስተኛ ቀን፦ ከጠዋቱ 12፡30 ወደ መርቲ። የማሳ ምልከታ። ከምሳ በኋላ ወደ አዳማ ተመልሶ በ10 ሰዓት ሁለተኛ ቅምሻ፤ ከገበያ በተገዙ አራት ጠርሙሶች ብቻ። ማታ የውሳኔ ሐሳብ ማርቀቅ። በማግስቱ ጠዋት ወደየቤት መመለስ።

የሚቀመሰው ብዙ ጊዜ ከምሳ በፊት እንዲሆን የተደረገው አፍ ንጹሕ የሚሆነው በዚያን ጊዜ ስለሆነ ነው። ቁርስ ዳቦና እንቁላል ይበቃል። በርበሬ የበዛበት ምግብ፣ ቡና፣ ሲጋራና ሽቱ ከቅምሻው በፊት ለአንድ ሰዓት ተኩል ይከልከሉ።

8. በማሳ ውስጥ የሚሠራው

ቅምሻው የሚጀመረው ከማሳው ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ ከአንድ ዝርያ 100 ፍሬ ከተለያዩ ሐረጎች ይልቀሙ፤ ከመስመሩ ከሁለቱም ወገን፣ ከዘለላው ከላይና ከታች መሆን አለበት። ፍሬው ተጨምቆ ስኳሩ በሬፍራክቶሜትር ይለካ። ንባቡ 22 ከሆነ ከዚያ ጭማቂ የሚወጣው የወይን ጠጅ ከ12 እስከ 13 በመቶ ያህል አልኮል ይኖረዋል፤ ምክንያቱም በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲብላላ 1 በመቶ አልኮል ስለሚሰጥ ነው። አባላቱ ጭማቂውን ራሳቸው ይቅመሱ፤ ዘሩን ያኝኩ። አረንጓዴ ዘር መራራ ነው፤ የደረሰ ዘር ቡናማ ሆኖ እንደ ቆሎ ይሰበራል። ፋብሪካው «አልደረሰም» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የግርዛቱ ቀን፣ የመስኖው ልክ፣ በአንድ ሐረግ ላይ የተተወው ዘለላ ብዛትና የታየው በሽታ በመዝገብ ይያዙ። በብርጭቆው ውስጥ የሚገኘው ጣዕም ከእነዚህ ጋር ካልተያያዘ ለገበሬው አይጠቅመውም።

9. የቅምሻው አሠራር

በአንድ ጊዜ ከስድስት ዓይነት አይበልጥ። ቅደም ተከተሉ ነጭ ከቀይ በፊት፣ ቀላል ከከባድ በፊት፣ ጣፋጭ በመጨረሻ ነው። ለምሳሌ ከገበያ ከሚገዙት ውስጥ «አክሱሚት» ጣፋጭ ቀይ ስለሆነ ከ«ጉደር» ቀድሞ ከተቀመሰ ጉደርን ያለ ጥፋቱ ኮምጣጣ ያስመስለዋል። ነጩ ከ8 እስከ 10፣ ቀዩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይቅረብ። በዝዋይና በአዳማ ሙቀት ቀዩም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መቀመጥ ያስፈልገዋል።

ጠርሙሶቹ በወረቀት ተጠቅልለው በቁጥር ብቻ ይለዩ። ነጥብ የሚሰጠው ከ20 ሲሆን ለመልክ 3፣ ለሽታ 7፣ ለጣዕም 10 ነው። ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ ማንም አይናገር፤ በተለይ ሊቀ መንበሩና ባለሙያው በመጨረሻ ይናገሩ። አለዚያ የተቀረው ሰው የእነሱን ቃል ይደግማል።

ሁለት የወይን ጠጆች በእርግጥ ይለያዩ እንደሆነ ለማወቅ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ብርጭቆ ይቅረብ፤ በሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነት፣ በአንዱ ሌላ ይሁን። ልዩ የሆነውን ፈልጎ ማግኘት የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ነው። ከ12 ሰው አራቱ በዕድል ብቻ ሊያገኙ ይችላሉ። ቢያንስ ስምንት ሰው በትክክል ካገኘ ልዩነቱ እውነተኛ ነው ለማለት ይቻላል። ከዚያ በታች ከሆነ በጣዕም ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ውድ ችግኝ መግዛት አይገባም።

10. ጥንቃቄ

ሀ/ ስለ መትፋት፦ ስድስት ዓይነት በ50 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህም በ12.5 በመቶ ሲሰላ 30 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ነው። ሰውነት በሰዓት የሚያቃጥለው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የተቀመሰው አሸዋ ወደተጨመረበት ባልዲ ይተፋል። ጋባዥ ያቀረበውን መትፋት በእኛ ባህል ነውር እንደሚመስል የታወቀ ነው። የቡድኑ መሪ ሥራው ይህ መሆኑን ለአስተናጋጆቹ አስቀድሞ ይንገር፤ «በሞቴ» የሚል ቢኖርም ከምሳ በኋላ እንዲሆን በትሕትና ይመልስ። ሾፌሩ ፈጽሞ አይቀምስም፤ ነፍሰ ጡርና መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲሁ።

ለ/ ስለ ቁራጭ፦ ከጎበኙት ማሳ የወይን ቁራጭ፣ ሥር ወይም አፈር ይዞ መመለስ ክልክል ነው። «አንዲት ቅርንጫፍ ምን ትጎዳለች» ማለት አይገባም። ፊሎክሴራ የተባለው የሥር ተባይ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካ በመጡ ችግኞች ወደ አውሮፓ ገብቶ የፈረንሳይን የወይን እርሻ አጥፍቷል፤ በ1886 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታይቷል። መፍትሔው የተገኘው ተባዩን በሚቋቋሙ የአሜሪካ ሥሮች ላይ በማዳቀል ነው፤ ይህም ነባሩን ሐረግ ነቅሎ እንደገና መትከልን ጠይቋል። ሌሎች በሽታዎችም በቁራጭ ውስጥ ተደብቀው ይሄዳሉ። ጫማ ከማሳ ሲወጣ ጭቃው ተራግፎ ይታጠብ። ችግኝ የሚፈለግ ከሆነ ከምርምር ማዕከል ወይም ከታወቀ ችግኝ ጣቢያ በሕጋዊ መንገድ ይጠየቅ።

11. ከተመለሱ በኋላ

ተጓዦቹ በ15 ቀን ውስጥ ለጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት ያቀርባሉ። ሪፖርቱ ከሁለት ገጽ አይበልጥ፤ የተጻፈውን ጥያቄ፣ የተገኘውን መልስና የውሳኔ ሐሳቡን ይያዝ። ወጪው በደረሰኝ ይደገፍ። ከጉዞው የተገዙ ሁለት ጠርሙሶች በጉባኤው ላይ ላልሄዱት አባላት በስውር ይቀመሱ። የእነሱ ነጥብ ከተጓዦቹ ነጥብ በጣም ከራቀ ውሳኔው መቸኮል የለበትም።

በጉባኤው የተመረጠው ዝርያም ወዲያውኑ በሙሉው መሬት ላይ አይተከል። በሁለት የተለያየ አፈር ባላቸው የአባላት ማሳዎች ላይ ከእያንዳንዱ ዝርያ 20፣ 20 ሐረግ ተተክሎ ስኳሩና በሽታው ይመዝገብ። ከፋብሪካው ጋር የሚደረገው የግዢ ውልም በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ የስኳሩን ልክና የሚለካውን ወገን ለይቶ ያስቀምጥ። በመለኪያው ጊዜ የማኅበሩ ተወካይ መገኘት እንዳለበትም በውሉ ይግባ። በማሳው ውስጥ ሬፍራክቶሜትር ማንበብ የተማረው አባል ለዚህ ሥራ ተገቢው ሰው ይሆናል።